ዕጣው ሳይወጣ፦ ወሎ ደጋ ለተመደበ ሠራተኛ የቱ ቀበሌ ይሻላል?

የዕጣ ወረቀቴን ስፈታ ጮቤ ረገጥኩ። "ከወረዳው ከተማ 14 ኪሎ ሜትር" ይላል። አጠገቤ የቆመው ልጅ 31 ኪሎ ሜትር ደርሶት ፊቱ አመድ መስሏል። ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። የሱ 31 ኪሎ ሜትር የአይሱዙ መንገድ ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ሰዓት ተኩል። የኔ 14 ግን አንድ ሸለቆ ወርዶ ሌላ ተራራ መውጣት ነበር። በበጋ አራት ሰዓት ተኩል በእግር። በክረምት ደግሞ ወንዙ እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ዕጣ በወሎ ደጋ የትም አይጠፋም።

ይህን የምጽፈው ወደ ወሎ ተራራማ ወረዳዎች ለምትመደቡ መምህራን፣ ነርሶችና የግብርና ልማት ሠራተኞች ነው። ለጋምቦ በሉት፣ ደላንታ፣ መቄት፣ ላስታ፣ ጊዳን፣ ቦረና፣ ነገሩ ይመሳሰላል። "ዕጣ ነው እንጂ ምርጫ የታለ?" ትሉኝ ይሆናል። አለ። እንዲያውም ሦስት ጊዜ ትመርጣላችሁ። አንዴ ወረዳ ስትሞሉ፣ አንዴ ዕጣ ከወጣ በኋላ ለመቀያየር ሰው ስታፈላልጉ፣ አንዴ ደግሞ ቀበሌው ታውቆ ቤት የምትይዙበትን ጎጥ ስትወስኑ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ምርጫ መሆኑን እንኳ አያውቀውም። ግን የተራራ ቀበሌ ሰፊ ነው። አንዱ ጎጥ ሜዳው አናት ላይ ሆኖ ሌላው ገደሉ ሥር ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም በአንድ ሊቀመንበር ይተዳደራሉ።

መጀመሪያ መመዘኛው

*ሰዓት።* ኪሎ ሜትርን እርሱት። እዚህ አገር የሚቆጠረው ሰዓት ነው፣ እሱም መውረጃውና መውጫው ለየብቻ። በሁለት ሰዓት የወረዳችሁት ቁልቁለት ስትመለሱ አራት ሰዓት ዳገት ይሆናል። ገበሬ ብትጠይቁ "እቺው ናት፣ ከጋራው ጀርባ" ይላችኋል። እየዋሸ አይደለም፤ የሚነግራችሁ በራሱ እግር ለክቶ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1860 ነው። የዋድላና የደላንታ ሜዳ ፈረስ ያስጋልባል። ጊዜውን የበላው በሜዳና በሜዳ መካከል ያለው ገደል፣ በመጨረሻም የበሽሎ ወንዝ ሸለቆ ነው። ዛሬም ጊዜያችሁን የሚበላው እሱው ገደል ነው።

*ውሃ።* ደጋ ሲባል ብዙ ሰው ውሃ የሞላው ይመስለዋል። የአምባ ነገር ግን ሌላ ነው። አናቱ ላይ የዘነበው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ይሄድና ምንጭ ሆኖ የሚፈልቀው ከገደሉ ሥር ነው። ስለዚህ አፋፍ ላይ ያለ ጎጥ በበጋ ማብቂያ አንድ ጀሪካን ውሃ ለመቅዳት ገደል ይወርዳል፣ ታች ያለው ጎጥ ደጃፉ ላይ ይቀዳል። ቤት ስታዩ "ውሃ አለ?" አትበሉ፤ ሁሉም አለ ነው የሚላችሁ። "የካቲት ላይ ከየት ትቀዳላችሁ?" በሉ።

*ማገዶ።* ውርጭ ላይ፣ ማለት ከደጋ በላይ ባለው ብርዳማ አገር፣ ዛፍ እምብዛም ነው፤ ኩበት ነው የሚነደው። ደጋ ላይ ባሕር ዛፍ አለ። ወይና ደጋና ቆላ እንጨት ይገኛል፣ ድሮ እንደነበረው ባይሆንም።

*ብርድ ወይስ ወባ።* ከሁለቱ አንዱን ትመርጣላችሁ። ከ2000 ሜትር በላይ ወባ እምብዛም ነው። በሌላ በኩል በየ1000 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ከወንዙ ዳር እስከ አምባው አናት 1800 ሜትር ልዩነት ካለ 11 ዲግሪ ልዩነት ነው ማለት ነው። ጠዋት ካፖርት ደርቦ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ በሸሚዝ ያልበዋል።

*ገበያ፣ ቤት፣ ኔትወርክ።* ገበያ በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ካመለጣችሁ ሽንኩርት እንኳ የለም። ቤት ሲባል የሚከራይ ክፍል አለ ወይ ነው ጥያቄው፤ ብዙ ጎጥ ውስጥ ኪራይ የሚባል ነገር የለም፣ ወይ የትምህርት ቤት ግቢ ወይ የሰው ጓዳ ነው። ኔትወርክ ደግሞ "አለ" ሲባል ከየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሆነ ጠይቁ።

ሰዉን በመመዘኛ አላስገባሁም። ወሎ ነውና የትም ብትሄዱ ቡና ይጠራችኋል።

የወረዳ ከተማ አድሮ መመላለስ

ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። መብራት አለ፣ ባንክ አለ፣ ምግብ ቤት አለ፣ ዲኤስቲቪ የሚያሳይ ቤትም አይጠፋም። ቀበሌው በመኪና መንገድ ላይ ከሆነ ያስኬዳል። ካልሆነ ግን አትሞክሩት። ጠዋት አይሱዙ የሚነሳው ሲሞላ ነው፣ ትምህርት የሚጀመረው ደግሞ ሳይሞላ። የተመላላሽ ሠራተኛ ወሩን ሙሉ ይዘገያል፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይጣላል፣ የወላጆችንም ዓይን ያጣል። ገንዘቡም ቀልድ አይደለም። የቤት ኪራይ እዚያ፣ የመኪና በየቀኑ፣ ምሳ በየምግብ ቤቱ። ለጀማሪ ደመወዝ ይህ ከሁሉም ውዱ አማራጭ ነው።

ባለትዳር ሆኖ የትዳር ጓደኛው ከተማው ውስጥ የሚሠራ ሰው ብቻ ይምረጠው እላለሁ። ሌላው ሰው ቀበሌው ላይ ያድርና ቅዳሜና እሑድ ይምጣ።

የደጋ ሜዳ፣ መንገድ ዳር ያለ ቀበሌ

ከ2300 እስከ 3200 ሜትር ያለው ነው ደጋ የሚባለው። የደላንታን ሜዳ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ጥቁር አፈር፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ጓያ፣ ከሜዳው ጫፍ ድንገት ባዶ ገደል። ከደሴ አቀስታ የሚወስደው መንገድ ላይም እንዲሁ ያሉ ቀበሌዎች አሉ።

ጥሩ ነው። መኪና ያልፋል፣ የቆርቆሮ ቤት ይከራያል፣ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነው፣ ብርዱም ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ይመልሰዋል። ጥቁር አፈሩ ግን በክረምት ጉድ ነው። ጫማ ሳይሆን እግር ይውጣል፣ ከዋናው መንገድ ግማሽ ሰዓት የራቀ ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ቦቲ ጫማ ግዙ። ውሃው ከላይ ያልኩት ነው፤ ከሜዳው መሀል ይልቅ የእጅ ፓምፕ ወይም ቦኖ ያለበትን ጎጥ ፈልጉ።

ደላንታ የደረሰው ሰው ስለ ኦፓልም ይሰማል። በወገልጤና አካባቢ ገደሉ ላይ የሚቆፈረው የከበረ ድንጋይ ስሙ የገነነው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ለመምህር ይህ ሁለት ነገር ማለት ነው። ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ወንዶች ልጆች ድንገት ከወንበራቸው ይጠፋሉ፤ የድንጋይ ገበያ ሲሞቅ ደግሞ የቤት ኪራይና የሻይ ዋጋ ይሞቃል። "እኔም በትርፍ ሰዓቴ..." የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ተዉት። ጉድጓዱ ገደል ላይ ነው፣ ናዳ ሰው ይበላል።

ውርጭ

ከ3200 ሜትር በላይ። ጅብራ የቆመበት፣ ጭላዳ የሚንጋጋበት፣ በግ እንጂ ፍየል የማታዩበት አገር። ላስታ ላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ማንም እዚያ አናት ላይ አይመድባችሁም፣ ጎኑ ላይ ግን ሊመድባችሁ ይችላል።

ሁለት ዓመት ስለኖርኩበት እዚህ ላይ ትንሽ ላርዝም። ብርዱን ሁሉም ይነግራችኋል፣ የማይነግሯችሁ ድስቱን ነው። 3000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ምስር ቶሎ አይበስልም፣ ባቄላማ ጭራሽ። በኩበት እሳት ጠዋት የጣዳችሁት ንፍሮ ለምሳ ከደረሰ ዕድለኞች ናችሁ። በግፊት የሚያበስለውን ድስት፣ ያንን የሚያፏጨውን፣ ከደሴ ይዛችሁ ውጡ፤ ከአልጋ በፊት እሱን። ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ ሕይወት ናቸው። ጎመን ይገኛል፣ ድንች ይገኛል። ቲማቲም በወር አንዴ ካያችሁ ፎቶ አንሱት።

ማታ ከኅዳር እስከ ጥር ጀሪካኑ ላይ ስስ በረዶ ይይዛል። ጋቢ ብቻውን አያዋጣም። የበግ ጠጉር ባና ከዚያው ገበያ ግዙ፤ ከከተማ ከሚመጣው ለስላሳ ብርድ ልብስ በእጥፍ ይሞቃል፣ ትንሽ ያሳክካል እንጂ። ቁንጫም አለ፤ ደብቄያችሁ ምን አተርፋለሁ። መደብ ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ አልጋ ላይ ተኙ፣ ልብሳችሁን ፀሐይ ላይ አውጡ።

ሌላው የማይነገረው በልግ ነው። ብዙ የውርጭ ጎጥ የሚኖረው ከየካቲት እስከ ግንቦት በሚዘንበው በልግ ላይ ነው። ያንን ዝናብ ተጠግቶ ገብስ ይዘራል፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ያጭዳል። በልግ ከቀረ ገብስ ቀረ። ገብስ ከቀረ በግ ይሸጣል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ የበግ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ደግሞ ይወጣል። ተማሪም ይቀንሳል፤ ትልልቆቹ ቆላ ወርደው ቀን ሥራ ይፈልጋሉ። ስለዚህ መጋቢት ላይ ሰማዩን ከገበሬው እኩል ታያላችሁ። መምህር ስለሆናችሁ እህል የምትገዙት ከዚያው ገበያ ነውና።

ታዲያ ለምን ይመረጣል? ወጪ የለም። በእውነት የለም። ደመወዛችሁን የምታጠፉበት ቦታ ስለሌለ ይጠራቀማል። ወባ የለም። ለዝውውር በሚያዘው ነጥብ ላይ ሩቅና ከባድ ቦታ ያገለገለ ሰው ይጠቀም እንደሆነ ደግሞ ወረዳው ላይ ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ግምት ውስጥ ይገባል። በርቀት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ለሚማር ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጸጥታ የለም፤ መጽሐፉን ግን በወረቀት ይዞ ይውጣ።

ወይና ደጋ፣ ገደሉ ሥር

የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ሚዛኔ ያዘነበለ ነው።

ከ1500 እስከ 2300 ሜትር። ምንጩ የሚወጣው እዚህ ነው። የገደሉ ግርጌ ላይ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሸንኮራ፣ አልፎ አልፎ ቡና ይበቅላል። አምባሰል ወይም ሐብሩ በኩል ከሆነ ፍራፍሬም አለ፤ የመርሳን መንገድ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ጤፍ እዚያው ይመረታል። ሙቀቱ ልክ ነው። እንጨት አለ።

ጣጣው መንገዱ ነው። ከላይ ካለው አስፋልት ወይም ጠጠር መንገድ ተነስታችሁ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፤ ስትወጡ ደግሞ ከነሻንጣችሁ ሽቅብ። ዝናብ ሲሆን ቁልቁለቱ ያንሸራትታል። ጥሩ ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቆርጣችሁ ትልቅ ወንዝ የለም፤ ጅረት ነው፣ ሁለት ሰዓት ብትጠብቁ ይጎድላል። ለበሽተኛ ወይም ለወላድ ግን ያ ዳገት ከባድ ነው። በቃሬዛ ነው የሚወጣው። እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን ያሰበች ሠራተኛ ይህንን አስባ ትወስን። ከ1995 ጀምሮ የተስፋፉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ጤና ኬላ አሉ፤ ከባድ ወሊድ ግን ወደ ላይ መውጣቱ አይቀርም።

ወባ ከ2000 ሜትር በታች ሊኖር ይችላል። አጎበር ይዛችሁ ግቡ።

ቆላ፣ ወንዝ ዳር

"ተራራማ ወረዳ" ተብሎ በረሃ መመደብ አለ፤ የወረዳው ካርታ እስከ ወንዙ ይወርዳላ። የበሽሎን ሸለቆ ለወረደ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማሽላ፣ ፍየል፣ ማር፣ ሙቀት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ፣ በልግ ከዘነበ በኋላም እንደገና። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ቀበሌው ከወረዳው ይቆረጣል፤ ለመምህር ክረምቱ ዕረፍት ነው፣ ለጤና ሠራተኛ ግን ዕረፍት የለም፣ መድኃኒት ሰኔ ሳይገባ መግባት አለበት።

የበረሃ አበል ይገባው እንደሆነ ጠይቁ። ይገባዋል ከተባለ ከመቼ ጀምሮ እንደሚከፈል ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| | የወረዳ ከተማ | የደጋ ሜዳ | ውርጭ | ወይና ደጋ | ቆላ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመንገድ ሰዓት | በየቀኑ ምልልስ | አጭር፣ በክረምት ጭቃ | ረጅም ዳገት | ቁልቁል ቀላል፣ ሽቅብ ከባድ | ከሁሉም ረጅም |
| ውሃ በየካቲት | ቦኖ፣ ተራ አለው | እንደ ጎጡ | ሩቅ ምንጭ | ደጃፍ ላይ | ወንዝ፣ አፍልቶ መጠጣት |
| ማገዶ | ከሰል፣ መብራት | ባሕር ዛፍ | ኩበት | እንጨት | እንጨት |
| ጤና | ቀላል | ቀላል | ብርድ፣ ቁንጫ | መጠነኛ ወባ፣ የወላድ ዳገት | ወባ |
| ወጪ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ |
| ክረምት ላይ | ክፍት | ጭቃ | ጉምና ብርድ | ያንሸራትታል | ይቆረጣል |
| ኔትወርክ | አለ | ብዙ ቦታ አለ | አናት ላይ ይገኛል | ገደሉ ይጋርዳል | እምብዛም |

ለማን የቱ?

ገንዘብ ማጠራቀም ለፈለገ ውርጭ። ለቤተሰብ በየወሩ የሚልክ ሰው ግን ኔትወርኩን አስቀድሞ ይይ፤ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ለመላክ ከተማ መውረድ ባያስፈልግም፣ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ላይ ለሠራ ሰው አሁንም ግማሽ ቀን እግር ነው።

ልጅ ያለው የደጋ ሜዳ ይያዝ፣ ጤና ጣቢያ ያለበትን። አስም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ውርጭን ይሽሽ፤ የኩበት ጭስና ብርድ አንድ ላይ አይቻሉም። ወባ በቀላሉ የሚጥለው ቆላን ይተው፤ የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ይዞ ይሂድ፣ በቃል የተነገረ ነገር ዕጣ አይቀይርም።

ብቻዋን ለምትኖር ሴት ሠራተኛ፣ ከየትኛውም የአየር ጠባይ በፊት በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው ወይ የሚለው ይቀድማል። እናት ካለችበት ግቢ ተከራዪ። ለብቻው ከቆመ ቆርቆሮ ቤት የአንዲት ባልቴት ጓዳ ይሻላል። ቡናውም አብሮ ይመጣል፣ አቦል ቶና በረካ፣ ሥራ አለብኝ ብትይም አትለቅሽም።

ሁለት ሆኖ ቤት መያዝ ወጪ ያቀላል። ወሎ ውስጥ አንዱ ክርስቲያን ሌላው ሙስሊም ሆኖ አንድ ቤት መኖር ብርቅ አይደለም፤ ሥጋ ቀን ድስቱ ይለያል፣ ሽሮ ቀን አንድ ነው።

የትም ግቡ፣ በመጀመሪያው ወር ቅሬ ግቡ። እድር የምትሉት ነው። መዋጮው ትንሽ ነው፤ ያልገባ ሰው ግን እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ለቅሶ ሲሆን ጎጡ ሥራ ያቆማል፣ ክፍላችሁም ባዶ ይሆናል። እዚያ ቁጭ ያላችሁ ቀን "መምህሩ የኛ ነው" ይባላል፣ ጅጌ፣ ማለት ደቦ፣ ተጠርቶ የሚያፈስ ጣራችሁ የሚከደነውም ከዚያ በኋላ ነው።

የሰላሙን ነገር ከየትኛውም ጽሑፍ አትውሰዱ፣ ከዚህኛውም ጭምር። ወሎ በ2014 ጦርነት ያለፈበት አገር ነው፣ መንገድ የሚዘጋበት ሳምንትም ይመጣል። መናኸሪያ ሄዳችሁ የዚያን መስመር ሹፌርና ረዳት ጠይቁ። ትናንት ማታ ያለፈው ሰው ነው የሚያውቀው። እግረ መንገዳችሁን ስለ ቀበሌያችሁም ጠይቁት፦ መኪናው የት ያወርዳል፣ ከዚያ ስንት ሰዓት ነው፣ መሀል ላይ ወንዝ አለ፣ ገበያው መቼ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መቀያየር ካሰባችሁ ፈጠን በሉ። ሁለታችሁም ፈርማችሁ ጽሕፈት ቤቱ ካላጸደቀው ዕቃ አትጫኑ። እኔ የ31 ኪሎ ሜትሩን ልጅ ያገኘሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ ሻይ ቤት። የኔ 14 ብቻ እንደሆነ ደጋግሜ ነገርኩት። ልጁ ግን ይሄኔ የአይሱዙውን ሹፌር ወዳጅ አድርጎታል፣ የኔንም ዳገት ሰው ነግሮታል። ሻዬን ከፈለልኝና "በርታ አያ፣ ሳይመሽብህ ውጣ" አለኝ።